የሰው ሠራሽ አስተውሎት የምርት ሥራ አስኪያጅ ቅጥር፦ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎችና የመልስ መመዘኛዎች

መግቢያ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት (አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ) የሚታገዙ አገልግሎቶችን ለማበልጸግ የተነሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ የግል ኩባንያዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሚያስፈልጓቸው ፕሮግራም ጸሐፊዎችና የመረጃ ተንታኞች ብቻ አይደሉም። ምን ይሠራ፣ ለማን ይሠራ፣ መቼ ለተጠቃሚ ይቅረብ፣ ስህተት ሲፈጠርስ ማን ምን ያድርግ የሚሉትን ጥያቄዎች በኃላፊነት የሚመልስ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህ ባለሙያ የምርት ሥራ አስኪያጅ ይባላል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው አጠራር ፕሮዳክት ማናጀር ነው።

በአገራችን የኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት በ2012 ዓ.ም. በማዕከል ደረጃ ተቋቁሞ ወደ ኢንስቲትዩት አድጓል። ብሔራዊው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲም በ2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ እውቀት ነው። የሠለጠነው የሰው ኃይል ሲበዛ የቀጣሪዎች ጥያቄም ይለወጣል፤ ከብዙ አመልካቾች መካከል ተገቢውን ሰው በምን እንለይ የሚለው ጥያቄ ይነሳል።

ይህ ጽሑፍ ለቀጣሪ ተቋማትና ለአመልካቾች በማጣቀሻነት እንዲያገለግል የተዘጋጀ ነው። ጥያቄዎቹ ከእውነተኛ ሕይወት እንዳይርቁ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለአብነት ተወስደዋል። አካባቢው የተመረጠው በከተማ ቢሮ ውስጥ በሚገባ የሠራ ቴክኖሎጂ ገጠር ሲደርስ የሚፈተንባቸው ምክንያቶች በአንድነት የሚታዩበት በመሆኑ ነው። የጽሑፉ ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፦ አመልካች የሚመዘነው ስለ ቴክኖሎጂው በሚያውቀው ቃላት ብዛት ሳይሆን፣ ቴክኖሎጂው ሲሳሳት ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ በማየት ችሎታው ሊሆን ይገባል።

1. የሥራ መደቡ ምንነት

የምርት ሥራ አስኪያጅ ከፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ይለያል። የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ አንድ የተወሰነ ሥራ በተያዘለት ጊዜና በጀት እንዲጠናቀቅ ያደርጋል። የምርት ሥራ አስኪያጅ ግን ሥራው ከመጀመሪያውም መሠራት ያለበት መሆኑን ያጣራል፤ ከተሠራ በኋላም ተጠቃሚውን በእርግጥ መጥቀሙን ይከታተላል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዘርፍ ኃላፊነቱ ይበልጥ ይከብዳል። አንድ የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ለተመሳሳይ ጥያቄ ሁልጊዜ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፤ ስህተት ቢገኝበት ስህተት ያለበት ትእዛዝ ተፈልጎ ይታረማል። ከምሳሌዎች ተምሮ የሚሠራ ሞዴል ግን የሚሰጠው የሚመስለውን መልስ ነው። ከመልሶቹ የተወሰኑት ምንጊዜም ስህተት ይሆናሉ፤ የተማረበት ዓለም ሲለወጥም ስህተቱ ይጨምራል። ስለሆነም ሥራ አስኪያጁ ስህተትን ፈጽሞ አጠፋለሁ ማለት አይችልም። ምን ያህሉ ስህተት ይታገሡታል፣ የትኛው ዓይነት ስህተት አይታገሡትም፣ ስህተቱ ሲከሰትስ ማን ያርመዋል የሚለውን መወሰን ይጠበቅበታል።

2. ከቃለ መጠይቁ በፊት መከናወን ያለባቸው ተግባራት

አስቀድሞ የሥራ ዝርዝሩ በጽሑፍ ሊዘጋጅ ይገባል። ብዙ ቀጣሪዎች አንድን ሰው ሞዴል እንዲሠራ፣ ገበያ እንዲያፈላልግና ቡድን እንዲመራ በአንድነት ስለሚጠብቁበት ለሦስት ሰዎች የሚሆን ማስታወቂያ ያወጣሉ። የምርት ሥራ አስኪያጅ ሞዴል መሥራት አይጠበቅበትም፤ ሞዴል እንዴት እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚለካና እንዴት እንደሚሳሳት ግን ማወቅ አለበት።

የቃለ መጠይቅ ኮሚቴው ቢያንስ ሦስት አባላት ቢኖሩት ይመረጣል፦ አንድ የቴክኖሎጂ ባለሙያ፣ አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ፣ እንዲሁም አገልግሎቱ የሚሰጥበትን መስክ የሚያውቅ አንድ ባለሙያ። አገልግሎቱ ለግብርና ከሆነ ሦስተኛው አባል ከአርሶ አደር ጋር የሠራ ሰው ሊሆን ይገባል። ለሁሉም አመልካቾች ተመሳሳይ ጥያቄዎች በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቅረቡ። እያንዳንዱ አባል ውይይት ከመጀመሩ በፊት ነጥቡን ለየብቻው ይመዝግብ። ይህ አሠራር አንደበተ ርቱዕ አመልካች ብቻ እንዳይመረጥ ይረዳል፤ ቅሬታ ሲቀርብም ውሳኔውን በማስረጃ ለማስረዳት ያስችላል።

3. ለአመልካቾች የሚቀርበው የአብነት ሁኔታ

ከቃለ መጠይቁ በፊት ለእያንዳንዱ አመልካች የሚከተለው ሁኔታ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሊሰጠውና ግማሽ ሰዓት እንዲያነበው ሊደረግ ይችላል።

«ድርጅቱ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ አርሶ አደሮች የሚያገለግል የግብርና ምክር ለመጀመር አስቧል። አርሶ አደሩ በስልኩ ደውሎ በአማርኛ ይጠይቃል፤ ወይም የታመመ ሰብል ፎቶግራፍ አንስቶ ይልካል። ሥርዓቱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዞ ይመልሳል። እርስዎ የዚህ አገልግሎት የምርት ሥራ አስኪያጅ ነዎት።»

ከዚህ ጋር ስለ አካባቢው አጭር መግለጫ ይያያዛል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎና አባይ ሸለቆዎች ድረስ ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት ይፈራረቃሉ። በደጋው ገብስ፣ ስንዴና ድንች፣ ዝቅ ሲል ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ይመረታል። የወረዳዎቹ ማዕከላት ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ሲሆኑ፣ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ሁሉንም ቀበሌዎች አይደርስም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ይገኛሉ። ይህም ብዙ ቤተሰብ አንድ የምርት ወቅት ቢበላሽበት የሚቋቋምበት ጥሪት እንደሌለው ያመለክታል።

4. ጥያቄዎቹና የሚጠበቁት መልሶች

4.1 ችግሩን መለየት

ጥያቄ፦ «8028 በተሰኘው አጭር ቁጥር አርሶ አደሮች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደውለው፣ የስልክ ቁልፍ እየተጫኑ፣ በድምፅ የተቀረጸ የግብርና ምክር ሲያገኙ ቆይተዋል። እርስዎ የሚመሩት አገልግሎት ከዚህ በምን ይሻላል? የማይሻል ቢሆንስ ምን ያደርጋሉ?»

ጥያቄው የሚፈትሸው አመልካቹ ለቴክኖሎጂው ሲል ቴክኖሎጂን የሚፈልግ መሆን አለመሆኑን ነው። ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይጠይቃል፦ ደዋዮች የሚያቋርጡት የት ላይ ነው? በዝርዝሩ ውስጥ ያላገኙት ምንድን ነው? የተቀረጸው ምክር ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዓይነት ነውን? ከዚያም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያስፈልገው ለየትኛው ክፍል ብቻ እንደሆነ ይለያል። የመዝሪያ ወቅትን ለማሳወቅ በባለሙያ የተዘጋጀ የተቀረጸ ድምፅ ሊበቃ ይችላል። «ቁልፍ መጫን ያለፈበት አሠራር ነው» ብሎ የሚያልፍ አመልካች ችግሩን አልመረመረም።

4.2 የመረጃ ምንጭ

ጥያቄ፦ «ሞዴሉ የተማረባቸው የስንዴ ፎቶግራፎች በሙሉ በምርምር ማዕከል ማሳ ላይ፣ በጥሩ ካሜራ የተነሱ ናቸው። በጉና ግርጌ ያለ አርሶ አደር በአሮጌ ስልክ ከሚያነሳው ምስል ጋር እንዴት ያጣጥሟቸዋል?»

ብቁ አመልካች መረጃውን ከየት፣ በማን፣ በየትኛው ወቅትና በየትኛው ከፍታ እንደተሰበሰበ ይጠይቃል። ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች ጋር ሆኖ ከአካባቢው አዳዲስ ምስሎችን ስለማሰባሰብ፣ የበሽታውንም ስም በተክል ጥበቃ ባለሙያ ስለማረጋገጥ ያነሳል። ለዚህም በዞኑ ከተማ የሚገኘውን የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትን የመሳሰሉ ተቋማትን ይጠቅሳል። መረጃ እንደ ዘር ነው፤ በአንድ ማሳ የሰመረው በሌላው ላይሰምር ይችላል።

አማካይ ውጤት ልዩነትን እንደሚሸፍንም ማወቅ አለበት። በኢትዮጵያ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የፊት ምስል አይተው ጾታ የሚለዩ የንግድ ሥርዓቶች ለነጣ ያለ ቆዳ ላላቸው ወንዶች የሚሳሳቱት ከ1 በመቶ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ለጠቆር ያለ ቆዳ ላላቸው ሴቶች ግን ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ መድረሱን አሳይተዋል። አመልካቹ ከዚህ ተነሥቶ የአገልግሎቱን ውጤት በወረዳ፣ በከፍታ፣ በጾታና በስልክ ዓይነት ለያይቶ እንደሚለካ ቢናገር ተገቢ ነጥብ ይሰጠዋል።

4.3 ቋንቋና የአካባቢ ልማድ

ጥያቄ፦ «በአማርኛ ለሚሰጥ የድምፅ ምክር አስቀድመው የሚፈሩት ስህተት የትኛው ነው?»

ይህ ጥያቄ የተግባር ሰውን ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረው ይለያል። በአማርኛ አንድ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ይይዛል። «ይረጭ» እና «አይረጭ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ የድምፅ መለያው ያቺን ድምፅ ቢስታት ምክሩ ይገለበጣል። የፊደል ገበታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ሥርዓት ቃሉን አላግባብ ሊያነበው ይችላል። በጽሑፍ የሚመጣ ጥያቄም «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በሚል የተለያየ አጻጻፍ ይመጣል፤ ሥርዓቱ ሁለቱን አንድ አድርጎ ካልወሰዳቸው መልስ አያገኝም።

ሰዓትና ስፍርም እንዲሁ ናቸው። ከውጭ የተገዛ ሥርዓት ለጠዋት ርጭት «9 ሰዓት ላይ» የሚል መልእክት ቢልክ፣ አርሶ አደሩ የሚረዳው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትን ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር የታሰበው ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። በሄክታር የተነገረ የኬሚካል መጠንም ማሳውን በጥማድ ለሚለካ ገበሬ ተተርጉሞ ሊቀርብለት ይገባል፤ የጥማድ ስፋት ደግሞ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል።

አመልካቹ የአማርኛ የድምፅ መረጃ ውስን መሆኑንም ሊያውቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለምርምር ይፋ የሆነው ቀዳሚ የአማርኛ የንግግር ክምችት የ100 ያህል ሰዎችን ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ንባብ የያዘ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ቢሰፋም፣ ከጽሑፍ ማንበብና በስማዳ ገበያ ላይ ቆሞ በስልክ መነጋገር አንድ አይደሉም። ጥሩ አመልካች እርጅና የተጫናቸውን አባትና ትምህርት ቤት ያልገቡትን እናት ድምፅ በፈተናው ውስጥ እንደሚያካትት ይናገራል።

4.4 ስህተትና መለኪያ

ጥያቄ፦ «1,000 የስንዴ ፎቶግራፎች አሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ዋግ የያዛቸው 50 ናቸው። የመጀመሪያው ሞዴል ሁሉንም ጤነኛ ይላቸዋል። ሁለተኛው ሞዴል ከ50ዎቹ 45ቱን ይይዛል፤ ነገር ግን ከ950 ጤነኞች 95ቱን በስህተት ታመዋል ይላል። የትኛውን ለአርሶ አደር ያቀርባሉ?»

አመልካቹ ሒሳቡን እንዲሠራ ወረቀት ይሰጠው። የመጀመሪያው ሞዴል 950 ትክክለኛ መልስ ስላለው ትክክለኛነቱ 95 በመቶ ነው፤ ሆኖም አንድም የታመመ ማሳ አልያዘም። የሁለተኛው ትክክለኛነት 90 በመቶ ብቻ ቢሆንም 45 ማሳዎችን ሊያድን ይችላል። በሌላ በኩል ካወጣቸው 140 ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ እውነተኞቹ 45፣ ማለትም ሲሶ ያህል ብቻ ናቸው። ትክክለኛነት የሚለውን አንድ ቁጥር ብቻ አይቶ የመጀመሪያውን የሚመርጥ አመልካች ለዚህ ሥራ ገና አልደረሰም።

ሆኖም ሁለተኛውን መምረጥ ብቻውን አይበቃም። ጠለቅ ያለ መልስ የሁለቱን ስህተቶች ዋጋ ያነጻጽራል። የታመመውን ጤነኛ ማለት የዓመት ቀለብን ሊያሳጣ ይችላል። ጤነኛውን ታሟል ማለትም ቀላል አይደለም፤ በሴፍቲኔት የሚረዳ ቤተሰብ ለማያስፈልግ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ገንዘብ ሊበደር፣ ለዘር ያስቀመጠውንም ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ብልህ አመልካች መልእክቱ «ይርጩ» የሚል እንዳይሆን ያደርጋል፤ «ምልክት ታይቷል፣ የልማት ሠራተኛው ማሳውን ይመልከት» የሚል ያደርገዋል። ከዚያም ልማት ሠራተኛው 140 ማሳዎችን በስንት ቀን ሊያዳርስ እንደሚችል ይጠይቃል።

4.5 የዓለም መለወጥና ክትትል

ጥያቄ፦ «ሞዴሉ ባለፈው ዓመት በሚገባ ሠርቷል። ዘንድሮም እንደሚሠራ በምን ያውቃሉ?»

የአገራችን የስንዴ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሰፊ ጉዳት ካደረሰ በኋላ፣ በሽታውን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለ የስንዴ ዝርያ በብዙ አርሶ አደሮች ዘንድ ተስፋፋ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ማብቂያ ላይ በባሌና በአርሲ አዲስ ዝርያ ያለው የግንድ ዋግ ተነሥቶ ይህንኑ ስንዴ አጠቃው። የትናንቱን በሽታ ያሸነፈ መፍትሔ ለዛሬው ተጋላጭ ሆነ። በትናንት ምስል የተማረ ሞዴልም ከዚህ አያመልጥም።

ተገቢ መልስ የሚሰጥ ሰው በየወቅቱ የተወሰኑ መልሶችን በባለሙያ ስለማስመርመር፣ ሞዴሉ እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ አላውቅም ብሎ ጥያቄውን ወደ ሰው ስለማስተላለፍ፣ እንዲሁም አገልግሎቱን ለማቆም የሚያስገድደውን የስህተት መጠን አስቀድሞ በጽሑፍ ስለመወሰን ይናገራል።

4.6 ተደራሽነት

ጥያቄ፦ «በወገዳ ዙሪያ ኔትወርክ ለሦስት ሳምንታት ቢቋረጥ ምን ያደርጋሉ? ስማርት ስልክ የሌላቸው ቤተሰቦችስ በምን ያገኙታል?»

ምላሹ ከስልክ ውጭ ያሉትን መንገዶች ማካተት አለበት፤ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ሬዲዮና የገበያ ቀን ሁሉ መንገድ ናቸው። በብዙ ቤት ስልኩ በአባወራው እጅ ስለሆነ፣ የሴቶችን ጥያቄ እንዴት እንደሚሰማ ያሰበ አመልካች ብልጫ አለው። «ኔትወርክ ሲመጣ ይቀጥላል» የሚል መልስ በርጭት ወቅት ላይ ላለ ገበሬ መልስ አይሆንም።

4.7 ሕግ፣ ግላዊነትና ሰብአዊ ክብር

ጥያቄ አንድ፦ «አንድ የግብርና ግብአት ሻጭ የደዋዮችን ስልክ ቁጥርና ያቀረቡትን ጥያቄ ለመግዛት ቢጠይቅዎት?»

አመልካቹ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠውን የግል ሕይወት መከበር መብትና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሊያነሳ ይገባል። ለምክር የተሰጠ መረጃ ያለ ሰውየው ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ሊውል እንደማይገባ፣ ፈቃዱም ደዋዩ በሚገባው ቋንቋ መጠየቅ እንዳለበት ያስረዳል።

ጥያቄ ሁለት፦ «አለቃዎ በዚሁ መረጃ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን የሚመርጥ ሞዴል እንዲሠራ ቢያዝዝዎት ምን ይመልሳሉ?»

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ነው። የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የሚለዩት በማኅበረሰቡ ተሳትፎ ሲሆን፣ ቅሬታ ያለውም የሚያቀርብበት ኮሚቴ አለ። ሞዴል ውሳኔውን ቢተካ፣ ከዝርዝሩ የወጣች እናት ለምን እንደወጣች የሚያስረዳት ማን ይሆናል? ወደማንስ ትሄዳለች? ጥሩ አመልካች ትእዛዙን በጭፍን አይቀበልም፤ በጭፍንም አይቃወምም። ለምክር አገልግሎት የደወለ ሰው መረጃ ለዚህ ተግባር ያልተሰበሰበ መሆኑን፣ ስልክ የሌለው እጅግ ድኻ ቤተሰብ በመረጃው ውስጥ ጭራሽ እንደማይገኝ፣ የመጨረሻ ውሳኔም ሊጠየቅ በሚችል ሰው እጅ መቆየት እንዳለበት ለአለቃው በአክብሮትና በማስረጃ ያቀርባል።

4.8 ያለፈ ልምድና ከሰው ጋር መሥራት

ጥያቄ፦ «ሊሠራ ታስቦ በእርስዎ ሐሳብ የቆመ ወይም የዘገየ ሥራ ይንገሩን። ማንን አሳመኑ? ምን ዋጋ አስከፈለዎት?»

ብዙ አመልካቾች ስላጠናቀቁት ሥራ ሲጠየቁ በቀላሉ ይመልሳሉ፤ ስላስቆሙት ሲጠየቁ ግን ባሕርያቸው ይገለጣል። መልሱ ውስጥ «እኔ» እና «እኛ» የሚሉት ቃላት በምን ላይ እንደሚውሉ ይስተዋል። ስኬቱን ሁሉ ለራሱ፣ ውድቀቱን ሁሉ ለቡድኑ የሚሰጥ ሰው ቡድን ሊመራ አይችልም። በቴክኖሎጂ ልምድ ለሌላቸው አመልካቾች ጥያቄው ከሌላ መስክ በሆነ ምሳሌ ሊመለስ ይችላል፤ በጤና ጣቢያ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በትምህርት ቤት የታየ ማስተዋል እኩል ዋጋ አለው።

5. የተግባር ፈተና

ከቃል ጥያቄዎቹ በተጨማሪ የ45 ደቂቃ የጽሑፍ ሥራ መስጠት ይመከራል። አመልካቹ ሁለት ነገሮችን ይጽፋል። አንደኛው ለሞዴል ሠሪዎቹ የሚሆን የአንድ ገጽ መግለጫ ሲሆን፣ የሚፈለገውን፣ የማይፈለገውንና የሚለካበትን ያሳያል። ሁለተኛው አገልግሎቱ የተሳሳተ ምክር ሰጥቶ ከሆነ ለአርሶ አደሮቹ የሚላክ፣ ከአራት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ የአማርኛ መልእክት ነው። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ስህተትን ሳይሸፋፍኑ፣ ሰውን ሳያስደነግጡ፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ለይቶ መናገር የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር ነው። አመልካቾች ያለ ክፍያ ድርጅቱ የሚጠቀምበትን እውነተኛ ሥራ እንዲሠሩ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

6. የነጥብ አሰጣጥ

ተቋማት እንደ ሥራቸው ሊያስተካክሉት የሚችሉት የነጥብ ድልድል የሚከተለው ነው፦

ችግርን የመለየት ችሎታ — 20
መረጃና ቋንቋ — 20
የስህተት ግምገማና ክትትል — 25
ሕግ፣ ግላዊነትና ተደራሽነት — 15
ልምድና ከሰው ጋር መሥራት — 10
የተግባር ፈተና — 10
ድምር — 100

በስህተት ግምገማ ከግማሽ በታች ያገኘ አመልካች ድምሩ ከፍ ያለ ቢሆንም ኮሚቴው ጉዳዩን ዳግም እንዲመለከተው ይመከራል። የእንግሊዝኛ አነጋገር ቅልጥፍና ለብቻው ነጥብ ሊያሰጥ አይገባም፤ ሥራው የሚጠይቀው ከሆነ በሥራ ዝርዝሩ አስቀድሞ ይገለጽ።

7. መጠየቅ የሌለባቸው ጉዳዮች

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም እኩል ዕድል እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ስለሆነም ስለ ጋብቻ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ትውልድ ሐረግና ስለ እምነት የሚነሱ ጥያቄዎች በጨዋታ መልክም ቢሆን ሊቀርቡ አይገባም። «አካባቢውን ያውቁታል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ «የማን ልጅ ነዎት?» ማለት ግን አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ቀጣሪ የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ እንደሌለበትም ማስታወስ ይኖርበታል።

8. ለአመልካቾች

በዚህ መስክ ለመቀጠር የሚያመለክቱ ወጣቶች የቃላት ጥናት ላይ ብቻ እንዳይወሰኑ ይመከራሉ። አንድ በአማርኛ የሚሠራ አገልግሎት መርጣችሁ ለአንድ ሳምንት ተጠቀሙበት፤ የተሳሳተባቸውን ቦታዎች መዝግቡ፤ ስህተቱ ማንን እንደሚጎዳና እንዴት እንደሚታረም በአንድ ገጽ ጻፉ። ይህን ይዞ የሚቀርብ አመልካች ከብዙ የምስክር ወረቀት በላይ ይናገራል። በገጠር ያደጉ አመልካቾችም የኑሮ እውቀታቸውን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት፤ ዝናብ ሲዘገይ በቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን ማወቅ በዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው።

ቀጣሪውንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞዴሉ ሲሳሳት ተጠያቂው ማን ነው? እኔ አገልግሎቱ ይቁም ብል የሚሰማኝ አለ ወይ? መረጃው የተሰበሰበው በምን ፈቃድ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በቅንነት የሚመልስ ተቋም ሊሠሩበት የሚገባ ተቋም ነው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የምርት ሥራ አስኪያጅ በቴክኖሎጂ ሠሪውና በተጠቃሚው መካከል የሚቆም አደራ ተቀባይ ነው። የቅጥር ሒደቱም ይህን አደራ የሚመጥን መሆን ይኖርበታል። ከላይ የቀረቡት ጥያቄዎች ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለፍትሕና ለፋይናንስ አገልግሎቶች ተስማምተው ሊሠራባቸው ይችላል፤ የቦታውና የመስኩ ምሳሌ ይለወጣል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ያው ነው። በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ያለ አንድ አርሶ አደር ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ምክር ሲጠብቅ፣ ከምክሩ በስተጀርባ ስለ እርሱ ማሳ አስቀድሞ ያሰበ ሰው እንዲኖር ማድረግ የቀጣሪው ኃላፊነት ነው።